ኢንፎርሜሽኗ ናት ያለችው

«ኢንፎርሜሽን ሆነሽ አላውቅም ትያለሽ?»

ይህን ያሉኝ አለቃዬ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ያውም ደንበኛ ፊት፣ ያውም ጄኔሬተሩ ድንገት በጠፋበት ቅጽበት፣ ድምፃቸው ውጪ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጡት የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂዎች ጋ እስኪደርስ።

ኢንፎርሜሽን ማለት እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌላ ነው፤ ጁባ ከገባሁ ወዲህ ግን የሚጠራኝ ጠፍቷል። አማራት በሚባለው ሰፈር፣ ከሁለት ኮንቴይነር ተገጣጥሞ በተሠራ የትኬት ቢሮ፣ በሩ ሥር ያለችው ጠረጴዛ የኔ ናት። «ኢንፎርሜሽን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባታል፤ ሙጫው በሙቀት ቀልጦ የመጨረሻዋ ፊደል ስለወደቀች እኔም ሥራዬም ሳናልቅ የቀረን እንመስላለን። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ውጤቱ ግን ከዚያ ወዲያ አላስኬደኝም። ጋሽ ታፈሰ ሲቀጥሩኝ እንግሊዝኛ እችል እንደሆነና ደንበኛ ሲገባ ፈገግ ማለት እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለቱንም በግማሽ እችላለሁ አልኳቸው። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

የዚያን ቀን የመጣው ደንበኛ ፓስፖርቱን ገልጦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። የመግቢያ ማህተሙ አገሪቱ ነጻ ከመውጣቷ በፊት የተመታ፣ የድሮው ነው። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ፈልጓል። በዚህ ማህተም ብወጣ መልሰው ያስገቡኛል ወይ ነው ጥያቄው። አላውቅም አልኩት፤ ስለማላውቅ። ላጣራና ልንገርህ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ታፈሰ ከመጋረጃቸው ጀርባ ወጥተው ያንን ተናገሩኝ። ለሰውየውም ራሳቸው መለሱለት።

«አትመለስም የኔ ወንድም። አሮጌ ማህተም የያዘ ሰው ከወጣ ወጣ ነው።»

እጃቸውንም በር እንደሚዘጋ ሰው አደረጉት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አመስግኖ፣ ትኬት ሳይገዛ ሄደ።

ልብ በሉልኝ፤ ትኬት ሳይገዛ። እኔ ሰው የሌለ ነገር የሚያወራው የሚያገኘው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሌባም እኮ የሚሰርቀው ለጥቅሙ ነው። ጋሽ ታፈሰ ግን የገዛ ገበያቸውን በገዛ አፋቸው ዘጉት። ለምን ቢባል፣ ማወቅ ያምርባቸዋል። ደረታቸው ሰፊ ነው፣ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሲናገሩ የፓርላማ ሰው ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ቁመና ይዞ አላውቅም ማለት ለካ ብክነት ነው።

ከዚያ መጋረጃው ጀርባ ወስደው መከሩኝ። ደንበኛ የሚመጣው መልስ ፈልጎ እንጂ እንደሱ ግራ የገባው ሰው ፍለጋ አይደለም አሉኝ። ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ ብለውም ጠየቁኝ፤ አላውቅም ልል ነበር፣ ምላሴን ነከስኩ። እንደው የግድ ከሆነ «እየተጣራ ነው» በይ አሉኝ። ማን ነው የሚያጣራው ስላቸው፣ «ይጣራል» አሉና ስልካቸውን አነሱ።

ነገሩን እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ጁባ ውስጥ ማወቅ ቀላል አልነበረም። አገሪቱ ገና ወራቷ ነው። ባንዲራው አዲስ፣ ገንዘቡ አዲስ፣ ማህተሙ አዲስ። ሕጉ ገና እንዳልደረቀ ቀለም ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ የጣቱን አሻራ ይተውበታል። እንዲህ ያለ ቦታ አላውቅም የሚል ሰው ሊከበር ይገባ ነበር። እኛ ሀበሾች ግን የምናከብረው ሌላ ሰው ነው። ስሙ ተባለ ይባላል።

አቶ ተባለን በአካል ያየው የለም። ደመወዝ አይበላም፣ ወባ አይዘውም፣ እረፍት አይወጣም። ዕቃችን የሚገባበት የኒሙሌ ድንበር መንገድ ተዘጋ፣ ተባለ። ዶላር ሊጠፋ ነው፣ ተባለ። ሀበሻ ሬስቶራንት እንዳይከፍት ሊከለከል ነው፣ ተባለ። ኤንጂኦ የሚሠሩትን ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። እነሱ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ሲጽፉ እያንዳንዷን ነገር ከየት እንዳመጧት ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ይጽፋሉ፤ አይቻለሁ፣ እኛ ቢሮ እየመጡ ፎቶኮፒ ያስነሳሉ። ምሳ ላይ ግን አቶ ተባለ ያጎረሳቸውን ሳያላምጡ ነው የሚውጡት። እኔ «ማን አለ?» ስል ያፈጡብኛል። አንዷ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሁለት ዲግሪ ያላት፣ «አንቺ ደግሞ መርማሪ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ብላኛለች። ይቺን ልጅ እዩልኝ አይነት ሳቅ ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ የምበላው የነሱን ግብዣ ነበር።

ይሄ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ውቢት ባትኖር።

ውቢት ቡሉክ ሰፈር ውስጥ ቁርስ ቤት አላት። ፉል፣ ዕንቁላል፣ ቻፓቲ፣ ሻይ። እኔ የምኖረው ከጓሮዋ ባለችው ክፍል ነው፤ መሃላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ስትጸልይ እሰማታለሁ፣ ስትጸልይልኝም እሰማለሁ። ጴንጤ ናት። ጴንጤ በሆነች ጊዜ ደብረ ብርሃን ያሉት አባቷ ከዛሬ ጀምሮ ውቢት የምትባል ልጅ የለችኝም ብለው አስወጧት። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምታ አታውቅም። መድኃኒታቸውን ግን የምትገዛው እሷ ናት፤ ከማን እንደሚመጣ አይነገራቸውም፣ እሳቸውም አይጠይቁም። እንደሚያውቁ ሁሉም ያውቃል።

ታዲያ አንድ ቀን ማለዳ ወንድሟ ደወለ። አባባ ደክመዋል፤ ውቢትን ጥሩልኝ ብለዋል አለ። ስሟን በአፋቸው ጠርተው።

ስልኩን ይዛ ወደኔ ስትመጣ እጇ ሊጥ ነበር። ለዓመታት ስትጸልይበት የነበረው ነገር እጇ ገብቷል፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታም ፍርሃትም እኩል ቆመው ይገፋፋሉ። የሷም ማህተም የድሮው ነው፤ የመቆያ ቀኑ ግን ገና አላለፈም።

«አንቺ እዚያ ነው የምትሠሪው» አለችኝ። «ብወጣ እመለሳለሁ?»

«አላውቅም ውብዬ። ዛሬ አጣርቼ ማታ እነግርሻለሁ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው? አይመለስም ተባለ እኮ።»

የምትፈራው ገብቶኛል። ወጥታ ካልተመለሰች ቁርስ ቤቱ አለቀለት፤ ምድጃው የሌላ፣ ወንበሩ የሌላ፣ የአባቷ መድኃኒትም የለም። ካልሄደች ደግሞ አባቷ። የጸሎት ኅብረቷ የማህተሙን ወሬ አስቀድሞ ሰምቶ ጸልዮበታል፤ አንድ የኅብረቱ ወንድምም በመንፈስ የተዘጋ በር አየሁ ብሏል። የኤርፖርት በር ይሁን የሌላ አልተብራራም። እኔ ጠርጣራ ነኝና፣ ይሄ ወንድም በዚያ ሳምንት የት ቁርስ እንደበላና ከማን ጋር እንዳወራ ብናውቅ ራእዩ ይብራራልን ነበር ባይ ነኝ።

ማን አለ ብዬ ጠየቅኳት። ሁሉም አለች። ከሁሉም ውስጥ ማን ስላት፣ ማላኪያ ሰፈር ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ ሚኪ።

ጋሽ ታፈሰን ጥርሴን ልነቀል ነው አልኳቸውና በቦዳ ቦዳ ማላኪያ ሄድኩ። ሚኪ የአንዱን ሰውዬ አንገት ወደኋላ አስደግፎ ምላጩን ጉሮሮው ላይ ይዟል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚወራን ወሬ የሚቃወም ሰው አይገኝም፤ ለዚህም ይመስለኛል ፀጉር ቤት ወሬ የሚያድገው። ሚኪ ጋ ሲደርስ ነገሩ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዷል። አሁን አንድ የሦስት ልጆች አባት አለ፤ ከአዲስ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ማህተምህ አሮጌ ነው ብለው መለሱት። አሻራውን ወሰዱ። የአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሸሚዙ ሰማያዊ ነበር።

ሸሚዙን ያየው ማን ነው አልኩት።

«ቾል ነው የነገረኝ፣ ኤርፖርት የሚሠራው። እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል?» አለና ምላጩን ወደ እኔ አወዛወዘው። ሰውየው ያን ጊዜ ተነፈሰ።

ቾልን ሁሉም ሀበሻ ያውቀዋል። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ያደገው ግን ጉለሌ ነው። አማርኛው የኔን ያስንቃል፤ ሲሳደብ ደግሞ አዲስ አበባ ይናፍቀኛል። ኤርፖርት የሻንጣ ክፍል ይሠራል። ጋሪውን ተደግፎ አገኘሁት፤ «የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? ልትሄጂ ነው?» አለኝ። ለመጠየቅ ነው የመጣሁት አልኩት። ስለ ለቅሶኛው የሦስት ልጆች አባት ስነግረው ሳቀ። ያን አላልኩም አለ። እሱ ያለው አሮጌ ማህተም ይዞ የወጣ አይመለስም ነው፣ በቃ። ሸሚዙና ልጆቹ የሚኪ ናቸው።

«እሺ፣ አንተስ ከማን ሰማህ?»

«ከተማ ውስጥ፣ አማራት። የሆነ ትኬት ቢሮ አለ አይደል፣ የኮንቴይነሩ? እዚያ ኢንፎርሜሽኗ ናት አሉ ያለችው።»

አየሁት። ቀልዱን አይደለም።

«ቾል፣ ኢንፎርሜሽኗ እኮ እኔ ነኝ።»

«በይ እንግዲያው» አለ ፊቱ በርቶ። «እውነት ነዋ!»

እንግዲህ እንዲህ ነው። እኔ አላውቅም ያልኩበትን፣ አላውቅም በማለቴም የተሰደብኩበትን ነገር፣ ከተማው በኔ ስም አትሞ በትኖታል። ጋሽ ታፈሰ ተናገሩ፣ ጠረጴዛዋ ግን የኔ ናት፤ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ጠረጴዛዋን ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለሥልጣን ሆኜ ነበር፣ ሳልሰማ።

የኢሚግሬሽኑ መስኮት ከቆምንበት ቅርብ ነው። ሄጄ ልጠይቅ ስል ቾል እጅጌዬን ያዘኝ። ተይ፣ ጥያቄ ስትጠይቂ ፓስፖርት አምጪ ይሉሻል፣ ፓስፖርት ስትሰጪ ሌላ ነገር ያገኙብሻል አለ። ይሄን ፍርሃት ሁላችንም አለን፤ ለዚህም ነው ከተማው ሙሉ ስለ መስኮቱ ሲያወራ ከርሞ መስኮቱ ጋ ሄዶ የጠየቀ አንድ ሰው የጠፋው። እኔ ደፋር ሆኜ አይደለም። ንዴት ነው የወሰደኝ።

መስኮቱ ውስጥ ያለው መኮንን ረጅም፣ እንቅልፍ የጎደለው ሰው ነው። በግማሽ እንግሊዝኛዬና በሩብ የጁባ አረብኛዬ ጠየቅሁት። የመቆያ ቀኑ እስካላለፈ ድረስ ይሠራል አለኝ። አሮጌም ቢሆን? አሮጌም ቢሆን። «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ማን ነው አይሠራም ያለሽ ብሎም ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ኢንፎርሜሽን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በዚያው ሰዓት የአዲስ አበባው አውሮፕላን ወርዶ ነበርና ቆሜ አየሁ፤ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ሁለቱም ሀበሾች፣ አሮጌ ማህተማቸውን አሳይተው ገቡ። ሲወጡ ሮጬ ጠየቅኳቸው። አሳዩኝ። ሴትየዋ ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ አለችኝ።

ቢሮ ስመለስ ጋሽ ታፈሰ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጥርሴ ነው። ተነቀለ አልኩና ነገሩን ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ መኮንኑን፣ ሁለቱን ሰዎች። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። አዘኑልኝ።

«አየሽ» አሉኝ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «መጀመሪያ እኔ ያልኩት በግምት ነበር። አሁን ግን ከተማው ሁሉ ነው የሚለው። ማላኪያ ሄድኩ፣ ይላሉ። ባንክ ቤት ሄድኩ፣ ይላሉ። ኤርፖርት የሚሠሩ ሰዎችም ይላሉ። አንድ መስኮት ምን ያውቃል?»

የላኩት ዕቃ ዞሮ እጃቸው ሲገባ ስጦታ መሰላቸው። ይሄን በቀስታ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ከእርስዎ ቾል ጋ፣ ከቾል ሚኪ ጋ፣ ከሚኪ ተመልሶ እርስዎ ጋ አልኳቸው። በደንብ ሰሙኝና «ስለዚህ ሦስት ሰው አረጋግጦታል» አሉኝ።

ማታ ውቢትን ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋትና ሂጂ አልኳት። ነገ ሂጂ፣ ትመለሻለሽ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«ስንት ሰው ነው የነገረሽ?»

«አንድ። ግን ማህተሙን የሚመታው እሱ ነው። ሁለት ሰው ሲገባ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ሆንሽ?»

«አዎ።»

አዎ ማለቴ አልጠቀመኝም። እንዲህ ያለ አዎ ጥጋብ ይመስላል። ጠዋት አላውቅም ብለሽ ማታ አወቅሽ ማለት ነው አለችኝ፣ በክፋት ሳይሆን ከልቧ ተጨንቃ። ጠዋት አላወቅሁም ነበር፣ ከዚያ ሄጄ ጠየቅሁ አልኳት። ለሷ ግን አንዴ አላውቅም ያለ ሰው ውኃ እንደሚያፈስ ጀሪካን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቢሞሉበት አይታመንም። ጋሽ ታፈሰ ሦስት ጊዜ ሳያውቁ ቢናገሩ ሦስቴም አወቁ። እኔ አንዴ እውነቱን ተናግሬ አለቀልኝ።

በማግስቱ ቢሮ መጣች። የእሑድ ነጠላዋን ለብሳ ነበር። ጠረጴዛዬ አጠገብ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ፣ መጋረጃውን ገልጣ ጋሽ ታፈሰ ጋ ገባች። ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። እህቴ አይዞሽ አሏት። የተባለውን እኔም ሰምቻለሁ አሏት። ግን አትቸኩዪ፣ እዚህም እዚያም የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ እስከ ሰኞ ታገሺ፣ ይጣራል አሏት። ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩና ተጣርቷል እኮ አልኩ። ሁለቱም እንደ ሕፃን ልጅ አዩኝ። ውቢት በተለይ፣ ነገሩን አታበላሺብኝ በሚል ዓይን።

አባቷ ሰኞን አልደረሱም። ወንድሟ የደወለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፣ ቁርስ ቤቱ ሰው ሞልቶበት። መጨረሻ ላይ በሩን ክፈቱት፣ ልትመጣ ነው ይሉ ነበር አላት።

ለቅሶው እዚያው ቁርስ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ሸራ ተወጠረ፣ የፕላስቲክ ወንበር በረድፍ ተደረደረ፣ ኅብረቷ በዝግታ ይዘምራል። ሚኪ ቤቱን ዘግቶ መጥቷል። ቾል ውኃ በካርቶን ተሸክሞ መጥቷል። የሒሳብ ባለሙያዋ ከነጓደኞቿ መጥታለች። የሀበሻ ደግነት የለቅሶ ቀን አይታማም፤ ሁሉም መጣ፣ ሁሉም ተቀመጠ፣ ሁሉም ከልቡ አዘነ። ጋሽ ታፈሰ ውቢት አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔ ከጀርባቸው ባለው ረድፍ፣ ከውስጥ በኩል።

መዝሙሩ ሲያልቅ ጋሽ ታፈሰ እጇን ያዙና ያጽናኗት ጀመር።

«እግዚአብሔር ያወቀው ነው» አሏት። «ሄደሽ ቢሆን ኖሮ እዚያው ትቀሪ ነበር። ቤትሽም ተዘጋ፣ አንቺም ሜዳ ላይ ቀረሽ። መሄድ የማትችይበት ጊዜ ሆነ፣ ምን ይደረጋል።»

ሚኪ እውነት ነው አለ፤ የሦስት ልጆቹን አባት ጠቀሰ። የሒሳብ ባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀች። ሰው ሁሉ ነቀነቀ። ውቢትም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትነቀንቃለች፤ ቀስ እያለች፣ ቃሉን እንደ መድኃኒት እየዋጠች። እንደነሱ ከሆነ የምትችለው ነገር አልነበረም። መሄድ አይቻልም ነበር። አልቻለችም እንጂ ወድዳ አልቀረችም።

«ትመለስ ነበር» አልኩ።

ጮክ ብዬ አልነበረም፤ ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ጋሽ ታፈሰ ሳይዞሩ፣ ልጄ ለቅሶ ቤት ነው ያለሽው አሉኝ። እኔ ግን ጀምሬያለሁ። መስኮቱን ተናገርኩ፣ መኮንኑን ተናገርኩ፣ የገቡትን ሁለት ሰዎች ተናገርኩ። በዚያው ማታ እንደነገርኳትም ተናገርኩ። ቾል ውኃ ማደሉን አቁሞ ቆመ። ጋሽ ታፈሰ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

ውቢት ቀና አለች። አላለቀሰችም።

«ነግረሽኝ ነበር» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያላመንኩሽ። እኔ ነኝ በሩን አስከፍቼ የቀረሁት። እሱን ይዤው እኖራለሁ፤ ዛሬ ግን፣ ሰው ፊት፣ ይቺን ማጽናኛ እንኳን ተዪልኝ።»

«ውብዬ...»

«ሂጂልኝ። እባክሽ።»

ተነሳሁ። ረድፉ ጠባብ ስለነበር የተቀመጠው ሁሉ ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፈኝ። የቆርቆሮውን በር ገፍቼ ወጣሁ።